በእጅ የተሸመነ የህንድ ጨርቅ ለሙቀት ወራት፦ ከመምረጥ እስከ መስፋት

ካዲ ከሚባለው በእጅ የተሸመነ የህንድ ጨርቅ የመጀመሪያ ሸሚዜን የሰፋሁት ጨርቁን ሳላጥብ ቆርጬ ነው። አንድ ቀን ለበስኩት፣ አጠብኩት፤ ከገመድ ላይ ሳወርደው እጅጌው ከክርኔ በላይ ተሰብስቦ፣ ደረቱም አልቆለፍ ብሎ ጠበቀኝ። ጨርቁ ጥፋት አልነበረበትም። በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ይህን ማወቅ የሰፊው ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከህንድ የሽመና መንደሮች የመጣ ብዙ ሜትር ጨርቅ በመቀሴ ሥር አልፏል። የተማርኩት ዋና ነገር አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ ጨርቅ የራሱ ጠባይ አለው፤ ቅዱ ለጨርቁ መገዛት አለበት እንጂ ጨርቁን ለቅዱ ማስገደድ አይቻልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ለሙቀት የሚስማማው ለምንድን ነው?

በሰሜን ህንድ ሙቀቱ የሚበረታው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ዴልሂ ውስጥ በግንቦት ወር ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የሰውነትን ላብ የሚመጥና አየር የሚያሳልፍ ልብስ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

የፋብሪካ ማሽን ድሩን እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ፣ ማጉን በኃይል እየመታ ያጠብቀዋል። በእጅ ሲሸመን ድሩ ላላ ይላል፤ ማጉም የሚጠብቀው በሸማኔው ክንድ ልክ ነው። ስለዚህ በክሮቹ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል። ክሩ ራሱ በእጅ የተፈተለ ከሆነ ደግሞ ጥምዝዙ ለስለስ ያለ፣ ቦታ ቦታ ላይ ወፈርና ቀጠን የሚል ይሆናል፤ ላቡን ይመጠዋል፣ በክፍተቱ የሚያልፈው አየር ያደርቀዋል። ነጠላ ለብሶ በፀሐይ የሄደ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ብዙ የህንድ ሸማኔዎችም እንደኛዎቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ ድሩን በእግራቸው እየከፈቱ ነው የሚሠሩት።

አስቀድሞ ሁለት ስሞችን መለየት

ሻጮች «ካዲ» እና «ሃንድሎም» የሚሉትን ቃላት ያቀላቅሏቸዋል። ሃንድሎም ማለት በእጅ የተሸመነ ማለት ነው፤ ክሩ ከፋብሪካ የመጣ ሊሆን ይችላል። ካዲ ግን ክሩም በእጅ የተፈተለ፣ ሽመናውም በእጅ የተሠራ ነው። ይህ የልማድ አባባል ብቻ አይደለም፤ የካዲና የመንደር ኢንዱስትሪዎችን ኮሚሽን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. የ1956 የህንድ ሕግ ካዲን በዚህ መልክ ይተረጉመዋል። ጋንዲ የመፍተያውን መንኮራኩር የነፃነት ትግሉ ምልክት ያደረገው፣ ከእንግሊዝ ፋብሪካ የሚመጣው ጨርቅ የመንደሩን ፈታይና ሸማኔ ሥራ አሳጥቶ ስለነበር ነው። የአገር ምርት ብቻ ይለበስ የሚለው የስዋዴሺ ንቅናቄ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1905 ካልካታ ውስጥ ታወጀ፤ ያ ቀን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ብሔራዊ የእጅ ሽመና ቀን ሆኖ ይከበራል።

ለገላ ቅርብ ለሆነና ብዙ ለሚታጠብ ሸሚዝ እኔ ካዲን አስቀድማለሁ። ለስለስ ያለ ቀሚስ ወይም ጌጥ የበዛበት ልብስ ከሆነ ጥሩ ሃንድሎም ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ጨርቁን እንደ ቦታውና እንደ ሥራው ምረጡ

ህንድ ውስጥ ጨርቅ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በመንደሩ ስም ነው። የመንደሩን ስም ማወቅ ማለት ጨርቁ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

ሙልሙል የሚባለው የቤንጋል ስስ ጥጥ ለከባድ ሙቀት የሚስተካከለው የለም። ሲነኩት ከብዙ እጥበት በኋላ እንዳለ ነጠላ ይለሰልሳል። ነገር ግን ገላን ያሳያል፤ ስለዚህ ሰፊ ሸሚዝ፣ ገበር ያለው ቀሚስ ወይም የአንገት ልብስ አድርጉት። በዚያው በምዕራብ ቤንጋል፣ ፉሊያና ሻንቲፑር አካባቢ ጃምዳኒ ይሸመናል። በጃምዳኒ አበባው በጨርቁ ላይ የተጠለፈ ወይም የታተመ አይደለም፤ ሸማኔው እያንዳንዷን አበባ በትናንሽ ክሮች፣ ጨርቁ ገና መሸመኛው ላይ ሳለ በእጁ ያስገባታል። ድንበር ማዶ ያለው የባንግላዴሽ ጃምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ በየቦታው መቆራረጥ ያሳዝናል፤ ስፌት ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ኮታ ዶሪያ የራጃስታን ልጅ ነው። ከኮታ ከተማ አጠገብ ካይቱን በምትባል ከተማ ይሠራል። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት እንደ ወንፊት ጥቃቅን ካሬዎች ታያላችሁ፤ ካሬው «ካት» ይባላል፣ ጥጡ ጥንካሬን፣ ሐሩ ብርሃን አሳላፊነትን ይሰጡታል። ክሩ እንዲጠነክር በሩዝ ሙቅና በሽንኩርት ጭማቂ ይቀባል። በጣም ቀላል ነው፤ ከውስጥ ቀጭን የጥጥ ልብስ ተደርጎበት ከላይ እንደ ካፖርት የሚደረብ ስስ ልብስ ይወጣዋል።

ቻንደሪ ከማድያ ፕራዴሽ የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ድሩ ሐር ማጉ ጥጥ የሆነ ጨርቅ ነው። የሐሩ ተፈጥሯዊ ሙጫ ስለማይወጣለት የብርጭቆ ያህል ያበራል። ዲዛይነሩ ሳንጄይ ጋርግ እ.ኤ.አ. በ2008 ራው ማንጎ የተባለውን የልብስ ድርጅት ከመሠረተ በኋላ ቻንደሪን ከሠርግ ቤት አውጥቶ ወጣቶች በሥራ ቀን የሚለብሱት ካደረጉት አንዱ ነው። ለምሽት ግብዣ እመርጠዋለሁ፤ ለቀትር ፀሐይ ግን አይደለም፣ ሐሩ ላይ የላብ ምልክት ይቀራል።

ለቢሮ ሸሚዝ ከአንድራ ፕራዴሽ የሚመጣውን ማንጋላጊሪ ውሰዱ። ደረቅ ያለ፣ ጠባብ አሸማመን ያለው፣ ቅርጽ የሚይዝ ጥጥ ነው። ሥዕል ያለበት ከፈለጋችሁ የቴላንጋና ፖቻምፓሊ ኢካት አለ፤ ክሩ ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ ስለሚነከር የሥዕሉ ጠርዝ እንደ ውኃ ላይ ጥላ ይንቀጠቀጣል። ለሱሪ ደግሞ ከጉጃራት ኩች የሚመጣው ካላ ጥጥ ጥሩ ነው፤ በዝናብ ብቻ የሚበቅል አገር በቀል ዝርያ ሲሆን ወፍራምና ጠንካራ ነው።

ሻጩ «ስንት ካውንት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት ቁጥር ይነግራችኋል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ለሱሪ ከ20 እስከ 40፣ ለሸሚዝ ከ60 እስከ 80 ያለውን እይዛለሁ፤ 100 የደረሰው ከውስጥ ሌላ ስስ ልብስ ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ በእውነት በእጅ የተሸመነ መሆኑን አረጋግጡ

ገበያው በማሽን የተሠራ አስመሳይ ሞልቶበታል። ዱባይ ውስጥ ሚና ባዛር አካባቢ የምትገበዩ ወገኖችም ይህን ልብ በሉ፤ የህንድ ጨርቅ ሁሉ የእጅ ጨርቅ አይደለም።

መጀመሪያ ዳሩን ተመልከቱ። ሸማኔው ጨርቁ ወርዱ እንዳይጠብበት የሚወጥርበት ዘንግ ጫፉ ላይ ሹል ጥርሶች አሉት፤ እነዚያ ጥርሶች በሁለቱም ዳር በየተወሰነ ርቀት ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋሉ። ቀጥሎ ጨርቁን ገልብጡት፤ ኢካት ከሆነ ሥዕሉ በሁለቱም ፊት እኩል መታየት አለበት፣ በአንድ ፊት ብቻ ደምቆ ከኋላ ከፈዘዘ የታተመ ነው። ከዚያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጉት። ማጉ ቦታ ቦታ ላይ ጠበቅና ላላ ካለ፣ ክሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ካሉ፣ ሰው ሠርቶታል። ተመሳሳይ እብጠት በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እኩል ከተደጋገመ ግን ማሽን ነው።

የጥጡን ንጽሕና ለማወቅ ከዳሩ ሁለት ሦስት ክር መዛችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ፈጥኖ ይነድና በጣት ሲነኩት የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ካለበት ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ምልክቶችም አሉ። በመንግሥት የተደነገገው ሃንድሎም ማርክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ ለካዲ ደግሞ ካዲ ማርክ በሥራ ላይ ናቸው። ምልክት ከሌለው የግድ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ የመንደር ሸማኔ ምልክት የሌለው ጨርቅ ይሸጣል።

ዋጋውም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2019/20 በተደረገው የህንድ የእጅ ሽመና ቆጠራ በዚህ ሥራ ላይ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች ተመዝግበዋል፤ ከ10ሩ ከ7 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ጃምዳኒ እንደ ማሽን ጨርቅ ረክሶ ከቀረበላችሁ ወይ ጃምዳኒ አይደለም፣ ወይ የአንዲት ሴት የሳምንታት ድካም ተቀምቷል። ሁለቱንም አትግዙ።

ደረጃ 3፦ መጠኑን ለኩ

በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወርዱ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ነው። የፋብሪካ ጨርቅ ለምዳችሁ «2 ሜትር ይበቃኛል» ከማለታችሁ በፊት ወርዱን በሜትር ለኩት። ከሚያስፈልጋችሁም ላይ ለሚሰበሰበው ቢያንስ በመቶ 10 ጨምሩ።

የምወደውን ዘዴ ልንገራችሁ። የጥጥ ሳሪ 5.5 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ከቤንጋል የመጣ አንድ ተራ የጥጥ ሳሪ ሦስት ሸሚዝ ይወጣዋል፤ የሳሪው ዳር የታችኛው ጠርዝ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጌጥ ደግሞ ደረት ወይም ኪስ ይሆናል። ህንድ ውስጥ የእናቱን አሮጌ ሳሪ ልብስ አድርጎ የሚለብስ ብዙ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳትቆርጡ እጠቡ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው እንደኔ ሸሚዝ ያጣል።

ከጨርቁ ጥግ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቁረጡና ዙሪያውን በክር ጥረፉት። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ላዩን አሹት፤ ቀለም ከወጣ ብቻውን የሚታጠብ ነው። ኢንዲጎ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሁልጊዜ በመጠኑ ይለቅቃል፣ አትደንግጡ። ከዚያ ካሬዋን ልብሱን ወደፊት በምታጥቡበት መንገድ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ተኩሱ፣ መልሳችሁ ለኩ። 20 የነበረው 19 ከሆነ በመቶ 5 ተሰብስቧል ማለት ነው። ሙሉው ጨርቅ ላይ የሚሆነውን አሁን ታውቃላችሁ።

ከዚያ ሙሉውን ጨርቅ፣ ጥጥ ብቻ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ጠዋት ውኃው ደፍርሶ ታገኙታላችሁ፤ ክሩን ለማጠንከር የተቀባው የሩዝ ሙቅ እየለቀቀ ነው። ለስላሳ ሳሙና ጨምራችሁ በእጅ እጠቡ፣ ውኃው እስኪጠራ አለቅልቁ። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን በመጫን አውጡ። ጥላ ውስጥ አስጡት፣ ትንሽ እርጥበት ሳይለቀው ተኩሱት። ቻንደሪና ኮታ ሐር ስላለባቸው አይዘፈዘፉም፤ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሻምፖ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። በረኪና ለአንዳቸውም አይነካ።

ደረጃ 5፦ ቁረጡ

ኩርታ የሚባለው ረጅም የህንድ ሸሚዝ የድሮ ቅድ ለምን ቀጥ ቀጥ ያሉ ቁራጮች እንደሆነ ያወቅሁት መቀስ ስይዝ ነው። ክሩን የፈተለ፣ ጨርቁን የሸመነ ሕዝብ ቁራጭ አይጥልም። ለዘመናዊ የሙቀት ሸሚዝም ከዚህ የተሻለ ቅድ አላገኘሁም። የደረት ዙሪያው 96 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው፣ ታጥቦ ወርዱ 110 ከሆነ ጨርቅ 1.5 ሜትር ይበቃል።

መጀመሪያ ጠርዙን አቅኑ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ማጉ ብዙ ጊዜ ያጋድላል፤ በማስመሪያ ብትቆርጡት ልብሱ ከታጠበ በኋላ ወደ ጎን ይዞራል። ከዳሩ ላይ ትንሽ ሰንጥቁና አንዲት የማግ ክር በጥፍራችሁ ያዙ። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ጨርቁ እንደ መጋረጃ ይሸበሸባል፣ ክሩ የተሳበበት መንገድ ላይ ቀጭን ባዶ መስመር ይታያል። በዚያ መስመር ላይ ቁረጡ። ክሩ ከተበጠሰ ከተበጠሰበት አንስታችሁ ቀጣዩን ያዙ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ቀጥ ያለው መስመር ይህ ብቻ ነው።

አሁን ለአካሉ 59 በ146 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ረጅም ቁራጭ ቁረጡ። ትከሻ ላይ የሚታጠፍ ስለሆነ ፊቱና ጀርባው አንድ ናቸው፣ የትከሻ ስፌት የለም። ወርዱ 56 ሲሆን 3ቱ ለስፌት የሚተው ነው፤ የደረቱ ዙሪያ 112 ስለሚሆን ከገላው ዙሪያ በ16 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ነፋሱ የሚገባው እዚያ ነው። ጎን ላይ ከቀረው 51 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ሁለት እጅጌ፣ እያንዳንዱ 43 በ29፤ ሁለት የብብት ካሬ፣ እያንዳንዱ 13 በ13፤ ኪስና የአንገት ጥርፍ ይወጣሉ። የጨርቁ ዳር ያማረ ከሆነ የእጅጌው ወይም የኪሱ አፍ አድርጉት፤ ዳሩ ስለማይተረተር መቀምቀምም አያስፈልገውም።

ሙልሙልና ኮታ መቀስ ሥር ይንሸራተታሉ። ቀጠን ያለ አሚዶ ቀብታችሁ ተኩሷቸው፤ እንደ ወረቀት ቀጥ ይላሉ፣ በኋላ በእጥበት ይለቃል።

አንገቱን መጨረሻ ላይ ቁረጡ፦ ወርዱ 16፣ ከኋላ 2፣ ከፊት 9 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከዚያም መሐል ላይ ወደ ታች 15 የሚሆን ስንጥቅ። ቆርጣችሁ ሳትነሱ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በማሽን አንድ ዙር ስፉበት። ላላ ያለ ሽመና ክብ ሲቆረጥ ወዲያው ይለጠጣል።

ደረጃ 6፦ ስፉ

ለስሱ ጨርቅ 70 ቁጥር፣ ለካዲ 80 ቁጥር አዲስ መርፌ አስገቡ። ያረጀ መርፌ ክሩን ይስበዋል፤ በእጅ ሽመና ላይ የተሳበ ክር ከሩቅ ይታያል። የስፌቱን ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጉ፤ አስቀድማችሁ በቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ጨርቁ ስለሚተረተር የስፌቱ ጫፍ መደበቅ አለበት። ሁለቱን ቁራጮች ውስጣቸው ከውስጣቸው ጋር ይግጠም፤ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ስፉ። ትርፉን እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሙ። ገልብጣችሁ ተኩሱና አሁን 9 ሚሊ ሜትር ላይ ስፉ። የተተረተረው ጫፍ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተዘግቶ ይቀራል፤ ልብሱ ከውስጥም ከውጭም ንጹሕ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አንገቱንና ስንጥቁን በሰያፍ በተቆረጠ ቀጭን ጥርፍ ዝጉ፤ ኪሱን ለጥፉ። እጅጌውን ከትከሻው እጥፋት ከፊት 20፣ ከኋላ 20 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከአካሉ ጋር አገናኙ። የብብቷ ካሬ ሁለት ጎኖች ከእጅጌው፣ ሁለቱ ከአካሉ ጋር ይያያዛሉ። ይህችን ካሬ አትናቁ፤ ክንድ ሲነሣ ሸሚዙ ሁሉ አብሮ እንዳይነሣ የምታደርገው፣ ላብ የሚበዛበትን ቦታ የምታሰፋው እሷ ናት። ጥግ ጥጓ በማሽን ካስቸገረ በእጅ ስፏት፤ እኔ ሁልጊዜ በእጅ ነው የምሰፋት። ከዚያ የእጅጌውን ሥርና ጎኑን ዝጉ፣ ታች 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ጠርዙን በእጅ ቀምቅሙ።

ለሸሚዙ ሙሉ ገበር አታድርጉ፤ ነፋሱን ይዘጋዋል። ገላ የሚያሳይ ከሆነ ከውስጥ ለብቻው የሚለበስ የሙልሙል ልብስ ይሻላል። ጠባብ ቀሚስና ገላ የሚይዝ ሱሪ ከዚህ ጨርቅ አትሞክሩ፤ ስፌቱ አጠገብ ክሩ ይከፈታል።

ደረጃ 7፦ መልበስና መያዝ

መጨማደዱ ጉድለት አይደለም፤ ካዲ ሲጨማደድ ነው ከገላ የሚርቀው። ከላይ ሰፋ ያለ ከለበሳችሁ ከታች ቀጥ ያለ ሱሪ አድርጉ፣ ጌጥ ያለው ጨርቅ አንድ ብቻ ይሁን።

ላብ የነካውን ሳታሳድሩ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ጥጡን ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ አስጡ። በፕላስቲክ ከረጢት አታስቀምጡ፤ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ሐር ያለበትን በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ እጥፋቱን ቀይሩ፤ በአንድ እጥፋት ከቆየ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ከቅዱ የተረፈውን ቁራጭ አትጣሉ። አብሮ ይታጠብና ከልብሱ ጋር ይቀመጥ። ሸሚዙ ሲሳሳ ወይም ሲቀደድ ከቁራጩ ላይ አንድ ክር ሳቡና በመርፌ ያንኑ መንገድ እየተከተላችሁ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ ድሩን በማጉ ሙሉት። ከአንድ ማቅለሚያ የወጣ፣ እኩል የታጠበ ክር ስለሆነ ጥገናው የት እንደሆነ ፈልጋችሁ አታገኙትም።